የቅጂው መስመር

በሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሁለት ትልልቅ ሰርቨሮች ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ሆድ ውስጥ በሶፍትዌር ብቻ የተፈጠሩ ደርዘን ያህል ምናባዊ ሰርቨሮች ይሠራሉ፦ የላብራቶሪው፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የደም ባንኩ። በአንደኛው ላይ የተጻፈ ሁሉ ወዲያው ወደ ሁለተኛው ይቀዳል፤ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲተካው።

የክፍሏ ባለሙያ ሃያ ሁለት ዓመት አብረዋት ኖረዋል። ሠራተኛው «ጋሽ መስመር» ይላቸዋል። ቅጂው በራሱ የኔትወርክ ካርድና በራሱ ቢጫ ገመድ ብቻ ይሂድ ብለው ከሦስት ዳይሬክተሮች ጋር ተጣልተዋል።

«ቅጂ ማለት ጎርፍ ነው» ይሉ ነበር። «ሐኪሞቹ በሚሄዱበት መንገድ ከለቀቃችሁት ስክሪን ሁሉ ይደርቃል።»

ነርሶቹ ይቀልዱባቸዋል። ጋሽ መስመር ቤት ጨውና ስኳር በአንድ በር አይገባም ይሏቸዋል።

ልጃቸውም እዚያው ትሠራ ነበር። ፈተናውን አንደኛ ወጥታ ነው የተቀጠረችው፤ እሳቸው እጃቸውን አላስገቡም። ሥራ ላይም «አባዬ» እያለች ትጠራቸዋለች።

እናትየው ታመው ቀዶ ሕክምናው ለማክሰኞ ጠዋት ተቀጠረ። ጋሽ መስመር ፈቃድ ወስደው ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ግን ታች ሥራ ላይ ነበረች፤ ሌሊቱን አንድ ዲስክ ተበላሽቶ ጠበቃት። ቀየረችው። ቅጂውን ከመጀመሪያው አስነሣች፤ ስክሪኑ ለሚጠይቃት ሁሉ «እሺ፣ እሺ» ብላ ወደ ላይ ሮጠች።

አባቷ ወንበሩን ለቀቁላት። «አንቺ ተቀመጪ። ሻይ ላምጣልሽ።»

ሃያ ደቂቃ ቆዩ። ሲመለሱ ሻዩ ቀዝቅዟል፤ ዓይናቸው ቀልቷል። የት እንደቆዩ አልጠየቀቻቸውም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ከቀዶ ሕክምናው ክፍል አንዲት ነርስ ሮጣ ወጣች። ሕመምተኛዋ ደም እየፈሰሳቸው ነበር፤ የደማቸው ዓይነት ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። የደም ባንኩ ስክሪን አልንቀሳቀስ አለ። የላብራቶሪውም እንደዚያው። በእግር የተላከው ሰው ከስድስቱ ማቀዝቀዣዎች የትኛው ውስጥ እንዳለ ሳያውቅ አንድ በአንድ ይከፍታል።

ጋሽ መስመር ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወረዱ። ብቻቸውን ክፍሏ ገቡ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ስክሪኑ ሁሉ ነፍስ ዘራ።

ደሙ ደረሰ። ግን ረፍዶ ነበር።

ከቀብሩ በሁለተኛው ሳምንት ዳይሬክተሩ ኮሚቴ ሰብስበው ጠየቁ። ቅጂው ከቢጫው መስመር ወጥቶ በሐኪሞቹ የኔትወርክ ካርድ ላይ ተለቆ ነበር። ማን አዛወረው?

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ መስመር። «ሻይ ላመጣ ስወርድ ገብቼ ነካካሁት። ልቤ እዚያ አልነበረም።»

ማንም አልተከራከራቸውም። በአራት ደቂቃ ያገኘው ራሱ የቀበረውን ቢሆን ነው ተባለ።

ልጅቷ በሩ ላይ ትጠብቃቸው ነበር።

«አባዬ፣ አንተ አይደለህም። አይደለሁም በለኝ።»

«እኔ ነኝ ልጄ።»

«ስለዚያ ገመድ ዕድሜ ልካችንን ጆሯችንን ስታደነቁር ኖረህ!» ድምፅዋ ተሰበረ። እንደገና ስትናገር አንተ ማለቱን ትታዋለች። «የእናቴን ልብስ ነገ መጥቼ እወስዳለሁ። እርስዎ እንዳይነኩት።»

በማግስቱ መጥታ ወሰደችው። እሳቸው ከሥራ ተሰናበቱ። ከሆስፒታሉ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ሬዲዮ የሚጠግኑባት አንዲት ክፍል ተከራዩ። በሆስፒታሉ ወንበራቸው ላይ ልጃቸው ተቀመጠች። ወደ ሥራ ስትሄድ በሱቁ በኩል ማለፍ ግድ ነበር፤ እዚያ ስትደርስ ትሻገራለች። ሦስት ዓመት ሙሉ ተሻገረች።

ስታገባ አልጠራቻቸውም። ሴት ልጅ ወልዳ በእናቷ ስም እንደጠራቻት የሰሙት ሬዲዮ ሊያሠራ ከመጣ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው።

«ጥሩ እንቅልፍ ትተኛለች?» ብለው ጠየቁት።

«ማን፣ ሕፃኗ?»

«እናቷ።»

«ኧረ በደንብ! ምን ሆና?»

የጋሽ መስመር ፊት በራ። የጥገናውን ዋጋ አልተቀበሉትም።

ዳይሬክተሩ ጡረታ በወጡ ሰሞን ወደ ሱቁ መጡ። በርጩማ ስበው ተቀመጡና ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ።

«የሰርቨሩ መዝገብ ነው» አሉ። «ያገኘሁት አንተን ካሰናበትን በኋላ ነው። ለማንም አላሳየሁም። ቅጂው የተዛወረው አንተ ሻይ ልታመጣ ከመውረድህ በፊት ነው፤ ያዛወረውም ሰው ተጽፏል።»

«አውቃለሁ። ያን ዕለት ላስተካክል ስገባ አይቼዋለሁ።»

ዳይሬክተሩ አፈጠጡባቸው። «አውቀህ ነው? አንተ ሰው፣ ልጅህ ሦስት ዓመት ሙሉ እንደ ጠላት መንገድ ስትሻገርብህ፣ እውነቱን አንድ ቀን ብትነግራት ኖሮ እኮ…»

ጋሽ መስመር ወረቀቱን ተቀብለው ሳይገልጡት አራት ቦታ ቀደዱት።

«እኔን ጠልታ ትኖራለች» አሉ። «‹እሺ› ብላ ቁልፉን የነካችው ራሷ መሆኗን ካወቀች ግን አትኖርም።»