በየፊደሉ

እናትየው ስክሪኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችው። ነጩ ሳጥን ውስጥ «ውሃ» የሚል ቃል ተቀምጧል፤ ከተጻፈ ሰዓት ሊሞላው ምንም አልቀረው።

«ወይ ጉዴ! እማ፣ እኔ እኮ አልደረሰኝም!»

ልጅቷ ሮጣ በብርጭቆ አመጣችላት። እናትየው እስከ ጠብታው ጨለጠችው፤ ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከዚያ የኪቦርዱን ቁልፎች በአንድ ጣት እየለቀመች ከታች ጨመረችበት፦ «ተማርኩ ያልሽው ይኼን ነው?»

«ጽፈሽ ስትጨርሺ ከሳጥኑ ውጪ ንኪ አላልኩሽም? ሳጥኑን ካልለቀቅሽው ገጹ መጻፍሽን አያውቅማ!»

እናትየው ዓይኗን አጉረጠረጠችባት። ይቺ ሴት ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ሸጣለች፤ ድምጿ ሦስት ሱቅ አልፎ የሄደ ገበያተኛ የሚመልስ ነበር። ጉሮሮዋ ላይ ቀዶ ጥገና ከተደረገላት ወዲህ ግን ድምፅ የሚባል ነገር የለም፣ እግሯም ገና አልጠናም። መጀመሪያ ቃጭል ተገዝቶላት ነበር። «በግ ነኝ እንዴ?» ብላ ወረቀት ላይ ጻፈችና ቃጭሉን በመስኮት ወረወረችው። የልጅቷ ሥራ ድረ ገጽ መሥራት ነውና ይቺን ገጽ ሠራችላት፤ እናት አልጋዋ ላይ ሆና ስትጽፍ፣ ማድቤት ያለው ላፕቶፕ ደወል አሰምቶ ጽሑፉን ያሳያል። ልጅቷም እዚያው ማድቤት ጠረጴዛ ላይ የደንበኞቿን ሥራ ትሠራለች።

«በይ አስተካክለዋለሁ» አለች ብርጭቆውን እየተቀበለች። እናትየው «እስኪ እናያለን» በሚል ዓይነት እጇን አወናጨፈች።

ማድቤት ተመልሳ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለች። ደክሟታል። የዛሬ ድካም ቢሆን ተኝታ ትነሣ ነበር፤ ይኼኛው ግን የሰባት ወር ነው፣ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሌሊት ሁለት ሦስቴ ለመድኃኒት መነሣት፣ ቀን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ በመሀል ሥራ። ትናንት እዚችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ለታላቅ ወንድሟ ደውላ «በቃኝ፣ እኔም ሰው ነኝ፤ ና ውሰዳት» አለችው። እሱም አልከፋም፤ «ቅዳሜ እመጣለሁ፣ አንቺው ግን ንገሪያት» ብሎ ስልኩን ዘጋ። አይ ወንድም! ከባዱን ለእሷ ትቶ። ቅዳሜ ከነገ ወዲያ ነው፣ እሷም እስካሁን ትንፍሽ አላለችም። ስትነቃ እነግራታለሁ ትላለች፤ ስትነቃ ደግሞ በልታ ትጨርስ ትላለች።

የገጹን ኮድ የያዘውን ፋይል ከፈተችው። ጥፋቱ የራሷ ነው፣ ያውም የአንድ ቃል ጥፋት። ሳጥኑን እንድትጠብቅ ያዘዘቻት «ቼንጅ» የምትባለዋን የኮድ ቃል ነበር። ስሟ ለውጥ ነው፤ ለውጡን የምትናገረው ግን ሰውየው ጽፎ ጨርሶ ሳጥኑን ሲለቅ ነው። ለደንበኞች ቅጽ ይኼ ይበቃል፤ ሰው ስሙን ሞልቶ ወደ ስልክ ቁጥሩ ማለፉ አይቀርም። እናቷ ወዴት ትለፍ? ያላት አንድ ሳጥን ነው።

ቃሉን አጠፋችና «ኢንፑት» የምትለዋን ተካች። ይቺኛዋ አንዲት ፊደል ስትጨመርም ስትጠፋም ወዲያው ትናገራለች። ደወሉ ራስ እንዳያዞር፣ ባዶው ሳጥን ላይ የመጀመሪያዋ ፊደል ስታርፍ ብቻ እንዲጮህ አደረገችው። ከዚያ ሄዳ የእናቷን ስክሪን አደሰችላት።

«ውጪውን መንካት ቀረልሽ። ዝም ብለሽ ጻፊ።»

የምትጽፈው በየፊደሉ ማድቤት እንደሚታይ አልነገረቻትም። መች ትዝ አላትና።

ገና ከመቀመጧ ደወሉ ጮኸ። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ይመጡ ጀመር።

«የኔ ልጅ»

ፈገግ አለች። ለአንድ ብርጭቆ ውሃ ይኼ ሁሉ ማቆላመጥ!

«የኔ ልጅ ትናንት ለወንድምሽ ያልሽውን ሰምቻለሁ»

ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። የጠፋው ድምፅ ነው እንጂ ጆሮማ የት ሄዶ።

«እውነትሽን ነው ደክመሻል እሄዳለሁ ግን»

ጽሑፉ እዚህ ላይ ቆመ። ልጅቷ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ እንደዘረጋች ጠበቀች። ግን ምን?

«ግን ፈራሁ»

ወዲያው ፊደሎቹ ከኋላ ይጠፉ ጀመር። «ፈራሁ» ሄደ። «እሄዳለሁ» ሄደ። ወንድሟም ትናንትም ሄዱ፤ «የኔ ልጅ» ትንሽ ቆየና እሱም ሄደ። ሳጥኑ ባዶ ሆነ። ከዚያ ደወሉ እንደገና ጮኸ።

«ውሃ»

ልጅቷ ውሃውን ቀድታ ገባች። እናትየው «ሠራ?» ለማለት ቅንድቧን አነሣች።

«ሠራ» አለች ልጅቷ። ሌላም ልትናገር ነበር፣ ተወችው። ብርጭቆውን ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እናትየው ውሃውን አላየችውም፤ የምታየው የልጇን ፊት ነው።

ልጅቷ ኪቦርዱን ወደ ራሷ ሳበች፣ «ውሃ»ን አጠፋች፣ እንደ እናቷ በአንድ ጣት መጻፍ ጀመረች። ማድቤት ደወሉ ለባዶ ወንበር ጮኸ።

«ደክሞኛል እማ። ቅዳሜ ይመጣል። እኔም ፈራሁ።»

እናትየው ቅድም ልብ ያላለችውን ደወል አሁን ሰማች። ዓይኗ ወደ ማድቤት ሄደ፣ ወደ ስክሪኑ ተመለሰ፤ ልጇ ሳጥኑን እንዳልለቀቀች አየች፣ ገባትም፦ ቅድም ጽፋ ያጠፋችው ሁሉ ታይቷል። ጣቷን ማጥፊያው ቁልፍ ላይ አሳረፈች። አልተጫነችውም።

ብርጭቆውን አንሥታ ለልጇ ዘረጋችላት፤ ትንሽ አልጋው ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ተቀብላ እስከ ጠብታው ጨለጠችው። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንዳልቀመሰች ያኔ ገና ትዝ አላት።