የእማማ ቬልማ ፖም እና ካሜራው ያየው "ሌባ"

ሰውየው ካርቶኑን ተሸክሞ ገባ... በሩንም ከኋላው ዘጋው።

ሊንደን አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ስልኩ ላይ እያየው ነው። እናቱ በር ላይ በቅርቡ ያስገጠመው ካሜራ ሰው በመጣ ቁጥር ያሳውቀዋል።

ጠበቀ... ጠበቀ...

ሰውየው ከብዙ ቆይታ በኋላ ወጣ። እጁ ላይ ፌስታል አለ።

ፌስታሉ ውስጥ ፖም... የእናቱ ፖም!

ሊንደን ደሙ ፈላ።

እናቱ ቬልማ ከባሕር ማዶ፣ ታዝማኒያ ደሴት፣ ሁዮን ሸለቆ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ጉልበታቸውን ፖም ማሸጊያ ሼድ ውስጥ የጨረሱ ሴት ናቸው።

አባትየው በልብ ሕመም ድንገት ከሞቱ ወዲህ ሊንደን ስለ ጤና ያላነበበው ነገር የለም። ፖም አዘውትሮ መብላት ኮሌስትሮል ይቀንሳል፣ ለልብ ጥሩ ነው፣ ለሆድ ድርቀት ፍቱን ነው... ያነበበውን ሁሉ ለእናቱ ይነግራል።

እዚያው ሰፈራቸው ካለ እርሻም በየሳምንቱ ካርቶን ሙሉ ፖም ቤታቸው ድረስ ያስልክላቸዋል።

እሑድ እሑድ ይደውላል።

"እማ፣ ፖሙን እየበላሽ ነው?"

"እየበላሁ ነው ልጄ።"

"ከነልጣጩ ነው አይደል? ጥቅሙ እኮ ልጣጩ ላይ ነው።"

"ከነልጣጩ ነው።"

መምጣት ግን... ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ። ከመጣ ዓመት አልፎታል።

ያን ቀን ግን ጊዜ አላጠፋም። ለእርሻው ባለቤት ደወለ።

ፖሙን የሚያመላልሰው ሴሚሲ የሚባል፣ ከፓስፊክ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከቶንጋ የመጣ ሰው ነው። ለፖም ለቀማ መጥቶ ከነሚስቱ እዚያው የቀረ፣ ብዙ የማያወራ ሰው።

ሊንደን አልጮኸም። ሰውየው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ቤት ገብቶ በር እንደሚዘጋ፣ ያመጣውንም ፖም መልሶ ይዞ እንደሚወጣ ነገረው። ቪዲዮውንም ላከለት።

ባለቤቱ ሴሚሲን ጠርቶ ጠየቀው።

ሴሚሲ መሬት መሬቱን እያየ "ወስጃለሁ" አለ። ለምን ቢሉትም መልሱ ያው "ወስጃለሁ" ነበር።

ከማመላለሻ መኪናው ሥራ አውርደው ወደ ለቀማ መለሱት፤ ቬልማ ቤት እንዳይደርስም ከለከሉት።

ሊንደን ለእናቱ ደውሎ የምሥራች ያለ መሰለው።

"ያ ሌባ ከእንግዲህ ደጅሽን አይረግጥም።"

ቬልማ ቀጠን ባለ ድምፅ "ሌባ አይደለም" አሉት።

"እማ፣ አንቺ ሰው ሁሉ ደግ ይመስልሻል። በዓይኔ ነው ያየሁት።"

ቬልማ ስልኩን ዘጉ።

አዲሱ አመላላሽ ካርቶኑን በር ላይ አስቀምጦ ይሄዳል። ሊንደንም ካሜራውን መክፈት ተወ። ምን ያደርግለታል? ሌባው ተባሯል...

ብርዱ ገባ።

አንድ ጠዋት አመላላሹ ሲመጣ ቀድሞ ያመጣቸው ካርቶኖች ሳይነሱ ተደራርበው አገኛቸው። አንኳኳ። በመስኮት አጮልቆ ሲያይ ቬልማ ኮሪደሩ ላይ ወድቀዋል።

ሊንደን ሆባርት ከተማ፣ እናቱ የተወሰዱበት ሆስፒታል ድረስ በረረ።

እኔ ያኔ እዚያ ክፍል ለሕሙማን ምግብ አዳይ ነበርኩ። ቀጥሎ የምነግራችሁን ትሪ ይዤ ቆሜ ነው የሰማሁት፤ ሌላውን ኋላ ላይ ሊንደን ራሱ ነገረኝ።

ሐኪሟ አጥንታቸው እንዳልተሰበረ ነገረችው። ሰውነታቸው ያለቀው በምግብ እጦት ነው፤ ከሻይና ሻይ ውስጥ ከተነከረ ብስኩት ሌላ ከቀመሱ ቆይተዋል አለችው።

"አይሆንም" አላት። "እናቴ በየቀኑ ፖም ነው የምትበላው።"

ከቦርሳው አንድ ፖም አወጣ። ቆረጠው። ወደ እናቱ አፍ አስጠጋው።

ቬልማ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ።

እጃቸውን ቀስ አድርጎ አነሳው...

አንድም ጥርስ የለም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካለፈው ክረምት። ሰው ሠራሹ ጥርስ ድዴን ሲያቆስለኝ አውልቄ ጣልኩት።"

"ለምን አልነገርሽኝም እማ?"

"ራስሽን ችለሽ መብላት ያቃተሽ ቀን አረጋውያን ቤት ነው የማስገባሽ ብለኸኝ ነበር..."

ሊንደን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

እሳቸውም እየደከሙ ነገሩት። ሴሚሲ ገና በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፖሙ ኩሽና ውስጥ ሲበሰብስ አይቶ ነበር። ምሥጢራቸውን ሲያውቅ ለማንም እንዳይናገር አስማሉት።

ከዚያ በኋላ ፖሙን በፌስታል ወደ ቤቱ ይወስዳል። ሚስቱ እስኪለሰልስ ትቀቅለዋለች፣ ወይም ፈቅፍቃ በኮኮናት ወተት ትለውሰዋለች። ሴሚሲ በሚቀጥለው ሳምንት የሚበቃቸውን ያህል በዕቃ ሞልቶ፣ ከሾርባ ጋር፣ ካርቶኑ ውስጥ ደብቆ ያመጣላቸዋል።

"በልቼ እስክጨርስም አጠገቤ ይቀመጥልኝ ነበር" አሉት።

በዚያው ሳምንት አረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ሊንደን ወደ እርሻው ሄደ። ሴሚሲን ዛፎቹ መሃል አገኘው። ይቅርታ ጠየቀው፤ ወደ መኪናው ሥራ እንዲመልሱህ ለባለቤቱ እነግራለሁም አለው።

ሴሚሲ መሰላሉን ይዞ ቆመ።

"ጥፋቱ የእኔም ነው" አለው። "መሐላዬን አፍርሼ ልደውልልህ ይገባኝ ነበር... መኪናውን ተወው። በእናትህ በር በኩል ማለፍ አልችልም።"

ወደ ለቀማው ተመለሰ።

ወዳጆቼ... ፖም ለጤና ጥሩ ነው፣ ይህ ሐሰት የለውም። ሊንደንም እናቱን ይወድ ነበር። ግን ለወላጆቻችን የምንልከውን ነገር ሄደን፣ ማዕዳቸው ላይ ተቀምጠን ካላየን መድረሱን እንጂ መበላቱን አናውቅም። ደግሞ ወላጅን በሚያስፈራው ነገር ካስፈራራነው እውነቱን ይደብቅብናል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ... በሴሚሲ ቦታ ብትሆኑ የእማማ ቬልማን ምሥጢር ትጠብቁ ነበር ወይስ ለልጃቸው ትደውሉ ነበር?

ከታች ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ።