ለስላሳው ጎማ

ሉሊት የአውራ ጣቷን ጥፍር በጎማው ጥርስ መካከል አስገብታ ትጫናለች። ንቅንቅ አይልም። ድንጋይ የምትጫን ነው የሚመስላት። ተነሥታ እጇን በሱሪዋ ትጠርጋለች።

«ይሄን አልፈልግም።»

ባለ ሱቁ ጥዑመልሳን ግን የሚያየው እሷን አይደለም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠውን አባቷን ነው። «ጋሽ ዳልጮ፣ እዚህ ሲቀላ ሰፈር ያለ ዲኤክስ መኪና ሁሉ የሚያስረው ይሄንኑ ነው። ዓመታት ይሄዳል።»

«ልክ ነህ» ይላል ዳልጮ። «ጎማ ማለት ጥንካሬው ነው።»

ዳልጮ ጉልበት በነበረው ዘመን ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ሙዝ ያመላለሰ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። አሁን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኗል። ዛሬ ማንም ና አላለውም። ልጁ ጎማ ልትገዛ መሆኑን ሲሰማ ኮቱን ደርቦ በባጃጅ ቀድሟት ደረሰ። ከሐምሌ ወዲህ እሷ መኪና ውስጥ ገብቶ አያውቅም።

መኪናዋ ደጅ ቆማለች፤ ቢጫ፣ ወደ መሬት ዝቅ ያለች አሮጌ ዲኤክስ። ሉሊት መንጃ ፈቃድ ፈላጊዎችን እያሠለጠነች ከምታገኘው ላይ ቆጥባ ሞተሯን አስቀይራ፣ ለውድድር ያዘጋጀቻት ናት። የፊታችን እሑድ ሐዋሳ ላይ ውድድር አለ። ከተመዘገቡት ሴት እሷ ብቻ ናት።

«ያንን አውርድልኝ» ትላለች ወደ ላይኛው መደርደሪያ እያሳየች።

ጥዑመልሳን ይስቃል። «እሱ እኮ ለስላሳ ነው እህቴ። ለእሽቅድምድም የተሠራ ነው። ቶሎ ያልቃል።»

«ይለቅ።»

«በኛ መንገድ ዓመት አይሞላውም እያልኩሽ ነው!»

«የሚያልቀው መንገዱን ስለሚይዝ ነው። የማያልቀውን አይቼዋለሁ።»

ጥዑመልሳን ሳቁን ይውጣል። የሐምሌውን ነገር ያልሰማ የለም።

ያን ቀን አባትና ልጅ ደጋ ላይ ካለችው ገረሴ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ ቁልቁለቱን ጨርሰው አስፋልት ላይ ከወጡ በኋላ ዝናብ ያዛቸው። ሉሊት እየሮጠች አልነበረም። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ፍሬን ያዘች፤ መኪናዋ ግን ሳሙና የረገጠች ይመስል ተንሸራታ ከመንገዱ ወጣችና ሙዝ እርሻ ውስጥ ገብታ ቆመች። የአባቷ ትከሻ ተሰበረ። በማግስቱ ከተማው ፈረደ፤ ሴት ልጅና ፍጥነት! ማሠልጠኛው ተማሪዎቿን ለሌላ ሰው ሰጠባት። ሊጠይቁ የመጡት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከጸሎቱ በኋላ፣ መኪናዋን ሽጪና ዕረፊ እያሉ መከሯት። አባቷ ጥፋቱ ያንቺ ነው አላላትም። ያንቺ አይደለም ብሎም አልተከላከለላት። አልጋው ላይ ሆኖ ዝም ብሎ አዳመጠ።

ያኔ መኪናዋ ላይ የነበሩት ጎማዎች እሱ ራሱ መርጦ የሰጣት ስጦታ ነበሩ። ጠንካሮች። ስንት ዘመን መጋዘን ውስጥ እንደከረሙ ማንም አልጠየቀም።

«አባዬ» ትላለች አሁን፣ ወደ በርጩማው ዞራ። «አንተ ሙዝ ስትጭን ጎማውን መሬት ላይ የሚያጣብቀው ጭነቱ ነው። የኔ መኪና ቀላል ናት። ጠንካራ ጎማ ብታስርላት ውሃው ላይ ይንሳፈፋል እንጂ መንገዱን አይነክስላትም።»

«እኔን ስለ ጎማ ልታስተምሪኝ ነው?»

«አይደለም። የሆነውን ልነግርህ ነው። እጄ አልሳተም፤ አልሮጥኩም። አጠገቤ ነበርክ።»

«ሰው ፊት አሁን ይሄ ምን ያደርጋል?» ይላል ዳልጮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የተሰደብኩትም ሰው ፊት ነው።» ሉሊት ወደ አባቷ አንድ እርምጃ ትጠጋለች። «ስጦታህ ስለሆነ፣ እንዳይከፋህ ብዬ እስከ ዛሬ ዝም አልኩ። ከእንግዲህ ዝም አልልም። መኪናዋንም አልሸጥም።»

ጥዑመልሳን ያለ ሥራው የመደርደሪያውን አቧራ ማራገፍ ይጀምራል። 

«አራቱንም እሰርልኝ» ትለዋለች ሉሊት ባለ ሱቁን።

ጥዑመልሳን እንደገና ወደ ሽማግሌው ያያል።

«ወደዚህ እይ» ትላለች። «የምነዳው እኔ ነኝ።»

መኪናዋ በክሪክ ትነሣለች፤ አሮጌዎቹ ጎማዎች አንድ በአንድ ይወልቃሉ። ሉሊት ከባለ ሱቁ አጠገብ አትጠፋም። ጥዑመልሳን አንዱን አዲስ ጎማ ወደ ውስጥ የሚሆነውን ፊት ወደ ውጭ አድርጎ ሊያስር ሲል ታስቆመዋለች። የመጨረሻው ቡሎን ሲጠብቅ አባቷ ከበርጩማው ተነሥቶ አጠገቧ ይቆማል።

«እሑድ እኔ ጸሎት ቤት ነኝ» ይላል።

«አውቃለሁ። ና አላልኩህም።»

«የት ሄደች ብለው ይጠይቁኛል።»

«ንገራቸዋ። የሐምሌውንም ጨምረህ።»

 የተሰበረ ትከሻውን በሌላ እጁ ደግፎ ወደ መንገዱ ይወጣል። ሉሊት ገብታ ሞተር ታስነሣለች። ግባ አትለውም፤ እሱም አይገባም።

የገበያው መንገድ በባጃጅ ተጨናንቋል። ገና ከደጃፉ ፈቅ እንዳለች ትቆማለች። በመስተዋቱ ውስጥ አባቷን ታየዋለች። ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን አንዷ፣ እህት ወለቴ፣ ሙሉ ዘንቢል ይዛ ፊቱ ቆማለች፤ በአገጯ ወደ ቢጫዋ መኪና እያሳየች ራሷን ትነቀንቃለች። ምን እንደምትል ሉሊት አይሰማትም፤ መገመት ግን አያቅታትም።

ዳልጮ አንድ ነገር ይመልሳል። ወለቴ በባጃጆቹ ጥሩምባ ጩኸት አልሰማችውም መሰል፣ ጆሮዋን ታስጠጋለች። ያኔ አባቷ፣ ምእመን ፊት ቆሞ ሲናገር እንኳ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሰው፣ ገበያው መሀል ይጮኻል፦

«አልሮጠችም! አጠገቧ ነበርኩ እኮ!»

ቲማቲም የሚመርጡት ሴቶች ቀና ይላሉ። ከፊቷ ያለው ባጃጅ ይንቀሳቀሳል፤ መንገዱ ይከፈታል። ሉሊት ማርሽ ታስገባለች።