ኖር

አባዬ ለማንም አይነሳም ነበር። ቄስ ሞገስ እንኳ ሲገቡ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ «ኖር» ይላል፤ እሳቸውም ቅር እያላቸው «በእግዜር» ይላሉ። ሰፈሩ ትዕቢተኛ ነው ብሎ ደመደመ።

ነገሩ የጀመረው ፕሮስቴቱን ኦፕራሲዮን ሲደረግ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ተሰጥቶት ተኝቶ ሳለ የደም ግፊቱ ድንገት አሽቆለቆለ። መድኃኒቱ አልመልሰው ሲል ሐኪሙ ወጣና፣ እንደ ዘመኑ ደንብ፣ ግፊት የሚያውሰው ቤተሰብ ጠየቀ። እማዬ ክንዷን ዘረጋች።

«እናቴ፣ ይሄ ተውሶ አይመለስም» አላት። «ከዛሬ ጀምሮ እሳቸው ብድግ ባሉ ቁጥር የሚወርደው የእርስዎ ግፊት ነው።»

«እሱ ይነሳልኝ እንጂ» አለች።

በመጀመሪያው ሰሞን አባዬ ከወንበሩ ሲነሳ ከጓዳ ሳህን ሲሰበር እንሰማለን። ሳህኖቹን ሁሉ በፕላስቲክ ቀየርን። በኋላ ዘዴ አበጁ፤ እሱ ወደ ጓዳው ዞሮ «አስኩ፣ ልነሳ ነው» ይላል፣ እሷ ግድግዳውን ተደግፋ «ተነስ» ትለዋለች። ሰው ፊት ግን እንዳይናገር ለምናዋለች፤ እንዲታዘንላት አትፈልግም። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ተቀምጦ ይቀራል።

ባለፈው ሳምንት እማዬን የሳንባ ምች ወሰዳት።

ከቀብር መልስ ቄስ ሞገስ ሊያጽናኑን ገቡ። አባዬ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ወደ ጓዳው ዞረ።

«አስኩ፣ ልነሳ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ብድግ አለ።

«ኧረ ተቀመጥ ልጄ» አሉት ደንግጠው።

አልተቀመጠም። ያን ቀን ለገባው ሰው ሁሉ ተነሳ።