ጀርባዋን የሰጠችው ሴት

ሄርሞን ሴትዮዋ እየሄደች ነው ትላለች። ሻንጣው ከብዷት አንድ ትከሻዋ ወርዷል፤ ጫማዋ ገና ከካርቶን የወጣ ነው፤ ሻሿንም አጥብቃ ያሰረችው መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ነው።

ሳና ሴትዮዋ እየመጣች ነው ትላለች። ሻንጣው የከበደው ስጦታ ስለሞላበት ነው፤ ጫማውን እዚያው አገር ገዝታዋለች፤ ጀርባዋን የሰጠችን ደግሞ የረሳችው ዕቃ ትዝ ብሏት ዞር ስላለች ነው።

ቲቸር ቃልአብ ሁለቱንም ታሪክ ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ጽፎ በመካከላቸው ፎቶውን ለጥፏል። ከአሮጌ መጽሔት የተቆረጠ ነው፤ ሻንጣ የያዘች ሴት ከኤርፖርት ትልቅ የመስታወት በር ፊት ቆማለች። የአምስተኛ ክፍል የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ሥራው ፎቶውን አይቶ የሆነውን መተረክ፣ ከዚያም አንዱን ታሪክ መርጦ በጋራ መጻፍ።

"እየመጣች ከሆነ ፊቷ የታለ?" ይላል ኢምራን ከኋላ ወንበር። "በሪቨርስ ነው የምትገባው?"

ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሳና ግን ፎቶውን እያየች ነው።

ቃልአብ ያውቃል። ቦሌ ለሚ ፋብሪካ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ የኖረችው የሳና እናት ዛሬ ወደ ዱባይ ትበራለች። አክስቷ ሰዓዲያ ጠዋት በር ላይ ይዛው ነግራዋለች፤ "አልሸኝም ብላለች፣ ቲቸር። እኔ ካልሸኘኋት አትሄድም ነው የምትለው። እናቷ ደግሞ ሳታያት ልትሳፈር ነው። ከመሄዳችን በፊት አንዴ መጥቼ እጠይቃታለሁ።" ይህን ከሰማ በኋላ ፎቶውን በሌላ ሊቀይር አስቦ ነበር። ገና ሳይወስን ፎቶው ከያዘው መጽሐፍ ውስጥ ሾልኮ ክፍሉ ፊት ወደቀ፤ ከሁሉም ቀድማ እጇን ያወጣችው ሳና ነበረች።

ሰማያዊው መጋረጃ በነፋስ ይነፋና ቀስ ብሎ ይረግባል። ብርሃኑ በግድግዳው ላይ ይዋኛል፤ ክፍሉ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ይመስላል።

"ማን ልክ ነው የሚለውን እንተወው" ይላል ቃልአብ። "እስቲ ፎቶውን ያነሳው ማነው? ዓይናችሁን ጨፍኑና እሱ በቆመበት ቁሙ። ምን አለ እዚያ?"

ዓይኖች ይጨፈናሉ። አንዷ ወለሉ ያንሸራትተኛል ትላለች። ሌላው የጋሪ ጎማ ሲንጫጫ ይሰማዋል። "ጥበቃው 'ወደ ኋላ! ወደ ኋላ!' እያለ ነው" ይላል ኢምራን፤ ድምፁን አወፍሮ። አሁን ማንም አይስቅም፤ ሁሉም ትንሽ ወደ ኋላ ያሉ ይመስላሉ።

"ያነሳው ሰው ብቻውን ነው?" ትጠይቃለች ሳና፣ ዓይኗን እንደጨፈነች።

"አንቺ ንገሪን።"

"ብቻውን ነው። አትሄድም ብሎ ነው የመጣው።"

"ቲቸር፣ ቲቸር!" ሄርሞን ተነስታ ቆማለች። "አባዬ እዚያ ታክሲ ነው የሚሠራው።"

"ጀመረች ደግሞ ከአባቷ ጋር!" ይላል ኢምራን።

"አንተ ዝም በል! አባዬ ምን ይላል፣ የፈለገውን ያህል ቢቸኩሉም፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ሰው አንዴ..."

አውሮፕላን ይመጣል።

በዚህ ትምህርት ቤት አውሮፕላን በጣሪያው ላይ ሲያልፍ ንግግር ካለበት ይቆማል። መጮህ ዋጋ እንደሌለው ሁሉም ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያውቃል፤ ቃሉን አፉ ውስጥ ይዞ ይጠብቃል። ወላጆች፣ ልጆቻችን ቤት ውስጥ ጁስ መፍጫ ሲጮህም ወሬያቸውን አቋርጠው ይቆማሉ እያሉ ይስቃሉ።

ሄርሞን እጇን እንደዘረጋች ቆማለች። መስኮቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። የጠመኔ ብናኝ በብርሃኑ ውስጥ ሳይወርድ ይንሳፈፋል። ሳና ዓይኗን ገልጣ የሄርሞንን አፍ ታያለች፤ የቀረችው አንዲት ቃል እዚያ ውስጥ አለች። ድምፁ ይረዝማል፣ ይርቃል፣ ከጉርድ ሾላ ወዲያ ይቀልጣል።

"...ይዞራል" ትላለች ሄርሞን። "ዞሮ ያያል።"

"ማንም ያልሸኘውስ?" ትላለች ሳና።

ሄርሞን የዘረጋችውን እጇን ታወርዳለች። "እሱም ይዞራል። አባዬ አይቷል። ዞሮ ሰዉን ሁሉ ያያል፤ ከዚያ ፓስፖርት የጠፋበት መስሎ ቦርሳውን ይበረብራል።"

አንዳንዶቹ አሁንም ዓይናቸውን አልገለጡም።

በሩ በቀስታ ይንኳኳል። ሰዓዲያ ጭንቅላቷን ታስገባለች። "ይቅርታ ቲቸር" ካለች በኋላ ወደ ሳና ትዞራለች። "ሳንዬ፣ እናትሽ ውጭ መኪና ውስጥ ናት። መውረድ አቅቷታል። ላስገድድሽ አልመጣሁም፣ የኔ ልጅ። ምን ልበላት?"

ሠላሳ ልጆች፣ አውሮፕላን ሳይኖር፣ ቃላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።

ሳና ትነሳለች። መጋረጃው ተነፍቶ ፊቷን ለአፍታ ሰማያዊ ያደርገውና ይመለሳል።

"ሳና ትሸኝሻለች በያት" ትላለች። "ዞራ እስክታየኝ እቆማለሁ።"