የሙሉኪያዋ ትንፋሽ

ባሌ ሸሃታ የሙሉኪያ ቅጠል ወጥ ባቀረብኩለት ቁጥር ማንኪያውን ያስቀምጥና፣ «እጅሽ አይታማም፤ የኢንሻራህ ግን ሌላ ነበር» ይላል። ኢንሻራህ ከእኔ በፊት የነበረችው ሚስቱ ናት። ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም እቀናባታለሁ።

ስንቱን የምግብ አሠራር ድረ ገጽ አገላበጥኩ! አንዱ የታሸገ ቅጠል ግዢ ይላል፤ ሌላው የዱቄት መረቅ በጥብጪ። ትናንት ግን ሁሉን ከጥሬው የሚያሠራ አገኘሁ፤ ቅጠሉን በእጅ ከትፎ፣ መረቁን ከጥንቸል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «የተጠበሰውን ነጭ ሽንኩርት ስትገለብጪበት እንደደነገጠ ሰው ትንፋሽሽን ሳቢ። ካልሳብሽ እኔ እስብልሻለሁ።»

የሰፈራችን የሹብራ እናቶች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ያለዚያ አይጥምም ባዮች ናቸው። እኔ ግን አፍራለሁ። ዛሬ ወጡን ሠርቼ እዚያ ስደርስ «ደግሞ ለድስት!» ብዬ አፌን ገጥሜ ሽንኩርቱን ገለበጥኩት።

ከጀርባዬ አንዲት ሴት ትንፋሿን ሳበች።

ዞር አልኩ፤ ማንም የለም። ሳሎን ውስጥ ወንበር ሲወድቅ ተሰማኝ።

«ኢንሻራህ?» አለ ባሌ።

በዚያ ድምፅ እኔን ጠርቶኝ አያውቅም።