ሃያ ሦስት ቁጥር

ዓይነ ስውሩ መምህር መዳፎቻቸውን አሮጌው የብሬል ማተሚያ ላይ አሳርፈው ይጠብቁ ነበር። መሐንዲሷ የኮምፒውተሩን እምብርት፣ ከርነሉን፣ በአዲስ ተክታ መጨረሷ ነበር። የመምህሩ ፕሮግራም ግን ያው የድሮው ነው፤ የጻፈው ሰውዬ ስለሞተ የሚያስተካክለው የለም። ፕሮግራሙ ከርነሉን የሚያዘው በቁጥር ነው፤ ሃያ ሦስት ካለ «ነጥብ ምታ» ማለቱ ነው። አለቃዋ ያን ቁጥር ማንም የማይጠቀምበት መስሎት የአዲሱ ከርነል የትእዛዝ ዝርዝር ላይ «ወረቀት ቁረጥ» ብሎ በእርሳስ ጽፎበት ነበር። እሷ ደግሞ «አንዴ የተሰጠ ቁጥር አይነጠቅም፤ አዲሱ ትእዛዝ ከኋላ ይሰለፍ» ብላ ድርቅ አለች።

«ቁልፉን ልጫነው ልጄ?» አሉ መምህሩ።

«ይጫኑት» አለች መሐንዲሷ።

ማተሚያው ዝም አለ። ዝርዝሩን የያዘው አለቃዋ «አላልኩሽም?» ሊላት አፉን ከፈተ። ይኼኔ መርፌዎቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ወረቀቱ ላይ ወረዱበት። መምህሩ የሚወጣውን ገጽ በጣታቸው እየተከተሉ «አንደኛ ጥያቄ» ብለው አነበቡና ከት ብለው ሳቁ። «የልጆቹ ፈተና ደረሰ። እኔማ ይሄ ሁሉ ሲቀየር የኔን አሮጌ ፕሮግራም ማን ያስታውሰዋል ብዬ ነበር። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚል ሰው እዚህ ቤት አለ ማለት ነው።»

«እሷ ናት» አለ አለቃዋ። ላጲስ ፈልጎ ሃያ ሦስት ላይ የጻፈውን አጠፋ። ከዚያ «ወረቀት ቁረጥ»ን ከዝርዝሩ መጨረሻ፣ አርባ አንድ ላይ አሰፈረው፤ ያውም በስክሪብቶ።